በመዳፍ የሚሰማ

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ጻፊ። እኔ የተሸካሚዎች ማኅበር ሊቀ መንበርና ቃል ሰጪ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ፊደል አልቆጠርኩም። አቅቶኝ አይደለም፤ ፊደል በሚቆጠርበት ዕድሜ እኔ ደረጃ ስቆጥር ነበር። ይህን ደብተር የምትጽፈው ልጄ ናት። እኔ የምለውን ትጽፋለች እንጂ የራሷን አትጨምርም፤ ተማምለናል።

ደብተር ያስፈለገኝ የማኅበሩ መዝገብ በጸሐፊው እጅ ስለሆነ ነው። እሱ የሚጽፈውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ያለፈውን ዓርብ በሱ አፍ ጽፎታል። በኔም አፍ ይጻፍልኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከአራተኛ ፎቅ የብረት ካዝና እናወርድ ነበር። ከታች በኩል፣ ወደ ኋላ እየረገጠ የሚወርደው ከሰዎቼ አንዱ፣ ረዥሙ የምንለው ነበር። ከታች ያለ ሰው ዕቃው ፊቱ ላይ ነው፣ ምንም አያይም። ደረጃ ቤት ደግሞ ያስተጋባል፣ የማን ድምፅ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከታች ያለው አያወራም፤ በጣቱ አንጓ ዕቃውን ይመታል። አንድ ጊዜ ከመታ «ረግጫለሁ» ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ ከመታ «ቆይ» ነው። ቃል ሰጪው ከላይ ሆኖ ቀኝ መዳፉን ዕቃው ላይ ያሳርፍና ያንን ይሰማል፤ ከዚያ «አንሳ»፣ «ሂድ»፣ «አሳርፍ» ይላል። ቃል ከወጣ አይጠየቅም። ያለ ቃል እግሩን ያነሳ ሰው ከማኅበሩ ይወጣል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚህ ሕግ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሰው አልሞተብኝም።

ዓርብ ረዥሙ ቃል ሳይሰጠው እግሩን አነሳ። ካዝናው መጣበት። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። በቃ። ሌላ ነገር የለውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ልጄ ኮሌጅ ታስተምራለች። ዘንድሮ አዲስ ትምህርት ጫኑባት፦ የምዕራባውያን የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ። የድሮው አስተማሪ ጥሎ ሲሄድ እሷ ላይ ወደቀ። ከሥራ ስትመለስ ለነገ ያዘጋጀችውን ታነብልኛለች። «አንተ ከገባህ ተማሪዎቹም ይገባቸዋል» አለችኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልጠየቅኋትም። እሷ አንብባ ስትጨርስ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሸክም በሸክም።

ዛሬ ስለ አንድ ሽማግሌ አነበበች። ድሮ፣ ግሪክ አገር። ሥራው መጠየቅ ነው። ሰው ገበያ መሀል ያቆምና «ፍትሕ ምንድን ነው?» ይላል። ሚስቱ አሳዘነችኝ። መጨረሻ ላይ ከተማው ሰለቸውና መርዝ ጠጣ ብሎ ፈረደበት። ወዳጆቹ የሚያመልጥበትን መንገድ አዘጋጁለት፣ እምቢ አለ።

«ሞኝ ነው» አልኳት።

«ለምን አባባ?»

«በሩ ተከፍቶለት!»

«‹ያሳደገኝን ሕግ ሲመቸኝ ብቻ ነው እንዴ የምታዘዘው?› ነው ያላቸው» አለች።

ሻይ ብርጭቆው ከእጄ ሾለከ። ወለሉን ስትወለውል ነገሩ ተረሳ። ብርዱ ዘንድሮ ጣት ያደነዝዛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ሸሚዜን ልጄ ቆለፈችልኝ። የዛሬ ልብስ ሰፊዎች ቁልፍ ላይ ይሰስታሉ፣ የምስር ፍሬ ያህላል።

ጸሐፊው መጣ። ጠቅላላ ስብሰባው ታኅሣሥ 21 ነው። እስከዚያ ፎቅ ያለው ዕቃ አይነካም፣ ምድር ቤት ብቻ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ረዥሙን ማሰናበት። «ከሳሹ እርስዎ፣ ምስክሩ እርስዎ፣ ሰብሳቢው እርስዎ፤ ቶሎ ያልቃል ክቡር ሊቀ መንበር» አለኝ። መነጽሩን ሲጠርግ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ሁለት ሰው አነበበች። አንደኛው የመርዝ ጠጪው ተማሪ ነው። አገር እንደ መርከብ ናት ይላል። መሪውን የሚያውቅ ሰው ይያዘው እንጂ መርከበኛው ሁሉ እጁን አይስደድበት። ወደድኩት። ጨዋ ሰው ነው።

ልጄ «ግን የያዘው ሰውዬ ማወቁን ማን ያውቃል?» አለች።

«ሥራው ያሳያላ።»

«ሥራው ሲበላሽስ?»

«አንብቢ» አልኳት።

ሁለተኛው ደግሞ የዚህ የባለ መርከቡ ተማሪ ነው፤ ሁሉን ነገር በየመደርደሪያው መደርደር የሚወድ። መዳቢው ብዬዋለሁ። አገዛዝን ስድስት ቦታ ከፈለው፣ ሦስቱ ደኅና፣ ሦስቱ ብልሹ። ደኅናው ለተገዢው ሲል የሚገዛ፣ ብልሹው ለራሱ ሲል የሚገዛ። እዚህ ድረስ ምንም አልል። ቀጥላ፣ አንዳንድ ሰው ከተፈጥሮው ለመታዘዝ የተፈጠረ ነው፣ ገላው ለሸክም ነው ይላል ስትለኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። የማን ገላ? የኔ ትከሻ ሸክም የለመደው በአሥራ አራት ዓመቴ አባቴ ሲሞት ነው። ስፈጠርማ እንደ ማንም ሕፃን ለስላሳ ነበርኩ፣ እናቴ ብትኖር ትመሰክር ነበር። ያ ሰውዬ ቤት ሲቀይር አልጋውን ራሱ ተሸክሞ ያውቃል? አያውቅም! «አንድ ተሸካሚ እንዲህ አለ ብለሽ ለተማሪዎችሽ ንገሪ» አልኳት። እነግራቸዋለሁ ብላ በጎን ጻፈችው።

እኔ ሰዎቼን ለመታዘዝ ተፈጠራችሁ ብዬ አላውቅም። ታዘዙ ነው ያልኩት። ልዩነት አለው። ልዩነት እንዳለው ጻፊ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ሆስፒታል ሄድኩ። ሊቀ መንበር ነኝ፣ የታመመ መጠየቅ ወጉ ነው። ብርቱካን ይዤ ነበር፣ ፌስታሉ መንገድ ላይ ከእጄ ወድቆ ሦስቱ መኪና ስር ገቡ። ረዥሙ አልጋው አጥሮት ደኅናው እግሩ ውጭ ተንጠልጥሏል። ጅማቱ የወጣ እግር ነው፣ ሃያ ዓመት እኔ ያዘዝኩት እግር።

«እንዴት ነህ ልጄ?»

«ተመስገን አባባ።»

«ምን ነካህ ያን ቀን?»

ግድግዳውን አየ። «ተንሸራተትኩ መሰለኝ» አለ። ስለኔ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር፣ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

ስወጣ አንዷ ነርስ ለሌላዋ ትላለች፦ «ያ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ያለው ረዥሙ ሌሊት አስተኝቶን አያውቅም። ተኝቶ ግድግዳውን ይመታል። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት።»

ሕመም ነው። ሕመም ብዙ ያደርጋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

እጄን ማንቆርቆሪያው ላይ አሳርፌ ኖሮ ልጄ ጮኸች። ቆዳው ሲላጥ አየሁት። «አላመመህም?» ትላለች ደጋግማ። ወንድ ልጅ በማንቆርቆሪያ ሊጮህ ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 26

በፋሻ የተጠቀለለ እጅ ይዤ ሁለት ሰዎች ሰማሁ። አንደኛው የመሳፍንት አማካሪ ነበር፤ መሪ ከሚወደድ ቢፈራ ይበጀዋል ባይ፣ አንዱን መምረጥ ካለበት። ሥራ አጥቶ ገጠር ሲቀመጥ ነው የጻፈው። ሥራ ያጣ አማካሪ ምክር ይበዛበታል።

ሁለተኛውን ግን ከሁሉ አብልጬ ወደድኩት። ፈሪው ብዬዋለሁ፤ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ሲፋጅ የጻፈ ሰው ነው። ሰው ያለ አለቃ ከተተወ ይበላላል፣ ስለዚህ ሁሉም ፈቃዱን ለአንድ ሰው ይስጥ፣ ያ ሰው ያለው ይሁን ይላል። ይህ ሰውዬ ደረጃ ላይ ዕቃ አውርዶ ያውቃል! ስድስት ሰው መቶ ስልሳ ኪሎ ይዞ ጠመዝማዛው ላይ ቆሞ እያለ ምክር ቤት አይከፈትም። አንድ አፍ ነው የሚያድነው።

ልጄ ወረቀቷን አስቀመጠች። «እሱ እንኳ አንድ ነገር ለሰውየው አስቀርቶለታል። አለቃው ሊገድለኝ ሲል ራሴን ማዳን እችላለሁ ይላል።»

«አለቃው ሊገድለኝ ሲል መሆኑን ሰውየው በምን ያውቃል?»

«ከታች ያለው ያውቃል አባባ» አለች።

የዛሬው ይብቃን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

የረዥሙ ሚስት መጣች። አልቀመጥም አለች። ነጠላ ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ፣ በእግሯ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ ባሌ ያለ ቃል እግሩን አነሳ ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‹ግባ› እስክለው የሚጠብቅ ሰው ነው። የሚያስቅ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ይስቅብኛል። ከእርስዎ ነው የለመደው። ታዲያ ያን ቀን ብቻ ምን ጀግና አደረገው?»

ሴት ልጅ ባሏን ብትከላከል ወግ ነው።

«ከማኅበሩ ካስወጡት ማንም ሌላ ማኅበር አይቀበለውም» አለች። «ቃል የማይሰማ ተብሎ ማን ያስጠጋዋል? እግሩ ይድናል ብለዋል ሐኪሞቹ። ስሙን ግን የሚጠግን ሐኪም የለም።» ልጄን ሰላም ብላ ወጣች። እኔን ሰላም አላለችም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

ተጣላን። ልጄና እኔ።

የዛሬው ሰውዬ ባለ ውሉ ነው። ሥልጣን ከሰው የተሰጠ አደራ ነው ይላል፤ አደራውን የበላ ይነሳበታል። ደግሞ፣ ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛ መሆን የለበትም ይላል። እሱን ካነበበች በኋላ አንዱ ደግሞ፣ ከባለ ውሉ በኋላ የመጣው፣ ሥልጣንን ሦስት ቦታ ከፈለው። ሕግ የሚያወጣ፣ የሚያስፈጽም፣ የሚዳኝ። ሦስቱም አንድ ሰው ከሆነ ነፃነት የለም።

«እኔ ሦስቱም ነኝ፤ ሥራው ቶሎ ነው የሚያልቀው» አልኳት ለቀልድ።

አልሳቀችም። «አባባ፣ ረዥሙ ያን ቀን መትቶ ቢሆንስ?»

«አልመታም።»

«በምን አወቅህ?»

«ቢመታ ይሰማኝ ነበራ!»

በፋሻ የተጠቀለለውን እጄን አየች። አስተያየቷ ነው ያናደደኝ። ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ አልኳት። በዚህ ትከሻ ነው የተማርሽው፣ የነጭ ሽማግሌ ሁሉ ሰብስበሽ አባትሽ ላይ ልታነሺ ነው? አልኳት። ይህን አጥፊው።

አታጠፊውም? እሺ ይቀመጥ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬ ምንም የለም። ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

ለፍላፊው መጣ። ከሰዎቼ ሁሉ እሱ ነው የሚያስቀኝ።

«ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ሶፋ አነሳን። አራት ሰው፣ አራት ቃል ሰጪ። አንዱ አንሳ፣ አንዱ አሳርፍ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ‹የማነው ይሄ ሶፋ?› ይላል። በሩ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ባለቤትየዋ ምን ታድርግ፣ እዚያው ተቀምጣ ምሳዋን በላች።»

ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና ያሻሽ ጀመር። ለፍላፊው ዝም ሲል ነገር አለ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ ከጎን ነበርኩ። ትከሻዬ ካዝናው ላይ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ነዘረኝ። ሁለት ጊዜ። ወዲያው እርስዎ ‹ሂድ› አሉ። እኔም... ቃል ወጣ፣ ገፋሁ። ቃል ከወጣ አይጠየቅም አይደል?» ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ያ ሁሉ አፍ ያለው ሰው። «እኔ ነኝ የገፋሁበት ጋሼ።»

ውጣ አልኩት። ከቤቴ ውጣ አልኩት። ወጣ። ኮፍያውን ረስቶ ሄደ። ወንበሩ ላይ አለ። ጻፊ፣ ኮፍያው ወንበሩ ላይ አለ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 14

ዛሬ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፣ እጅሽ ከደከመ ንገሪኝ።

ከኔ በፊት ቃል ሰጪ የነበረው ሰውዬ አስተማሪዬ ነው። ዓይኑ ደከመ። እኛ እናውቅ ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር፣ ማንም አይናገርም። አንድ ቀን ቁም ሳጥን ይዘን ደረጃ ላይ እያለን «ሂድ» አለ፣ ታች ውኃ የያዘች ሴትዮ ቆማ ነበር። እኔ «ቁም!» አልኩ። ሰው ሁሉ በኔ ቃል ቆመ። ያኔውኑ እዚያው ደረጃ ላይ አለቅነቱ ወደ እኔ ተዛወረ። ሽማግሌው እጁን ከቁም ሳጥኑ ላይ አነሳና ወደ ታች ወረደ፣ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቀ፣ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ነበር የማየው። ሰላም ስለው «ማነህ?» ይለኝ ነበር። ዓይኑ ይሁን ልቡ አላውቅም። ሁለተኛ አልሄድኩም። መሄድ ነበረብኝ። ያኔ ነው ያለ ቃል የተነሳ ይወጣል የሚለውን ሕግ ያወጣሁት። ለምን እንዳወጣሁት ዛሬ ነው የገባኝ፦ እኔ ያደረግሁትን ሌላ ሰው እንዳያደርግብኝ።

ከምሳ በኋላ ልጄን ጠራኋት። ጠረጴዛው ትልቅ ነው፣ ጠንካራ እንጨት፣ እኔ ራሴ ነኝ ሳይፈታ እንዳለ አራት ፎቅ ያወጣሁት። ከወዲያኛው ጫፍ ተቀመጪ አልኳት። እኔ ከዚህ ቀኝ መዳፌን አሳረፍኩ፣ ፋሻው ተፈትቷል፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከስር በጣትሽ አንጓ ምቺ፣ ስንት እንደሆነ አትንገሪኝ አልኳት።

ጠበቅሁ።

«ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

«ጨርሻለሁ አባባ» አለች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 19

ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ። ከአንገት የሚወርድ። ሃምሳ ዓመት የተሸከምከው ተጭኖት ነው አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው ቢለኝ ካለፈው በጋ አልኩት። አፌ ነው ያወጣው። ልጄ አጠገቤ ነበረች፣ ሰማች። ካለፈው በጋ። ካዝናው የወደቀው በዚህ ኅዳር ነው።

መርዝ ጠጪውን ሞኝ ብዬው ነበር። ያን ቃሌን አንሺልኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 21

እየጻፍሽ ነው? ጻፊ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፣ ሃያ ሦስት ሰው። ረዥሙ በክራንች ገባ፣ ሚስቱ ከኋላው። ጸሐፊው መዝገቡን ዘረጋና አጀንዳውን አነበበ፣ እኔን አየኝ።

«ዛሬ አልሰበስብም፣ አንተ ምራ» አልኩት።

«ለምን ክቡር ሊቀ መንበር?»

«በራሴ ጉዳይ ዳኛ አልሆንም።»

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ረዥሙን ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ አስቀመጥኩት፣ ወዲህ መዳፌን አሳረፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ምታ ልጄ» አልኩት። ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማኛል፣ አንዱ ሲስል ይሰማኛል። ጠረጴዛው እንደ ሬሳ ነው።

«ስንት ጊዜ መታ?» አልኩ።

«አምስት» አለ አንዱ።

ዓይኔን ገለጥኩ። «እኔ አንዱም አልተሰማኝም። የዚያን ዓርብም አልተሰማኝም። ስላልተሰማኝ አልመታም ብዬ ከሰስኩት። እጄ ካለፈው በጋ ጀምሮ ሞቷል፣ አውቄ ደብቄያችኋለሁ። ይህ ልጅ ያለ ቃል አልተነሳም። ቃሉ ነው ያለ እሱ የተነሳው።»

ለፍላፊው ተነስቶ የራሱን ተናገረ። ኮፍያውን ይዤለት ሄጄ ነበር፣ ጭንቅላቱ ላይ እንዳለ ረስቶ እየፈለገ ይናገራል። አንዱ ከኋላ «እስከ ዛሬ ስንቶቻችን ነን በዕድል የወረድነው?» ብሎ ጮኸ፣ ልክ ነው። ሌላው ሰደበኝ። ልጄ፣ ስድቡን አትጻፊው፣ ግን መሰደቤን ጻፊው።

የረዥሙ ሚስት ተነሳች። «እግሩንስ?» አለች። «እግሩን ማን ይመልሳል?»

ሕጉን ቀየሩት። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ምት የተሰማው ማንም ይሁን ማን «ቆይ» ይላል፣ ቃልም ወጥቶ ቢሆን ይቆማል። ፈሪው ቢኖር አይወደውም ነበር። ከዚያ አዲስ ቃል ሰጪ ይመረጥ ተባለ። በእኛ ዘንድ ወረቀት የለም፣ ሰው ከሚፈልገው ሰው ኋላ ነው የሚቆመው። ለፍላፊው ሄዶ ከረዥሙ ኋላ ቆመ። «ከታች የነበረ ሰው ነው፤ መዳፉ ደኅና ነው፤ ለቃል ደግሞ እግር አያስፈልግም» አለ። አንድ በአንድ ተከተሉት። ስምንት ሰው ፍንክች አላለም፣ ሁለቱ ጥለው ወጡ። እኔ ተነሳሁና ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የሰው ጀርባ እያዩ መቆም ይገርማል። ዓይን ማረፊያ የለውም።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጽፎ ሲጨርስ አነበበው፦ ሰውዬው ያለ ቃል አልተንቀሳቀሰም፣ ጥፋቱ የቃል ሰጪው ነው። «ይፈርሙ» አለኝ። ክቡር አላለኝም። የኔ ፊርማ አውራ ጣት ነው፣ ሁልጊዜም። ቀለሙ ላይ ጫንኩ፣ ወረቀቱ ላይ አደረግሁ። ወረቀቱ ይሁን እንጨቱ አልለየሁትም።

«ነክቷል?» አልኩ።

ረዥሙ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታ፣ ሲመታ በዓይኔ አየሁት።

«አንሳ» አለኝ።

አነሳሁ።